የብርድ ልብሱ ሂሳብ



ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባ ስለተነሳው የብርድ ልብስ ጉዳይ ወጪውን አስልቼ እንዳቀርብ ተመድቤ ነበር። ስብሰባው ላይ ላልነበራችሁ ነገሩን በአጭሩ ላስታውስ። ቀድሞ አባላችን የነበረችና አሁን ውጭ አገር የምትኖር እህታችን ደብዳቤ ጻፈችልን። በሰፈሯ ያሉ ጡረተኛ ሴቶች በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ለሕፃናት የሚሆን ብርድ ልብስ በሹራብ መርፌና በኪሮሽ ይሠራሉ። በጤና ጣቢያችን ለሚወልዱ እናቶች 200 ብርድ ልብስ ሊልኩልን ፈቃደኛ ናቸው። ቤቱ በጭብጨባ ተቀበለው፤ እኔም አጨበጨብኩ። በሹራብ ሥራ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት አባላችን ግን ከኋላ ተነስታ «እኔስ ታዲያ ለማን ልሽጥ?» አለች። አንዳንዶቻችን ሳቅን። አንዷም «በስጦታ ላይ ደግሞ ምን ምቀኝነት ነው?» ብላ ተናገረቻት። ሴትዮዋ ተቀመጠች፤ ስብሰባው እስኪያበቃም ቃል አልወጣትም።

ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርኩ። የራሴ ምክንያት ነበረኝ።

እናቴ በ1977 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ሳለች ከቤተሰቧ ጋር ኮረም መጠለያ ገብታ ነበር። የቢቢሲ ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ለዓለም የታየው ከዚያው ከኮረም ነው። ሰው ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ረሃቡን ያነሳል፤ እናቴ ግን አስቀድማ የምታነሳው ብርዱን ነው። ኮረም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። የተራበ ሰውነት ሙቀት አይይዝም። ሜዳ ላይ ካደሩት ብዙዎቹ ሊነጋጋ ሲል ያልፉ እንደነበር እናቴ ትናገራለች። አንድ ቀን ለእሷና ለታናሽ ወንድሟ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ብርድ ልብስ ተሰጣቸው። ትናንሽ አራት ማዕዘን ሹራቦች እየተጋጠሙ የተሰፉበት ነው። እስካሁን በሳጥናችን ውስጥ አለ። አንዱ አረንጓዴ ካሬ ጠርዙ የተጣመመ ነው፤ ክር ስላነሳት ይመስላል የሠራችው ሴት በቡናማ ጨርሳዋለች። እናቴ «ይቺን የሠራች ልጅ ናት፤ ገና ስትማር ነው» ትላለች።

እንግዲህ በዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ ያደገች ሴት ልጅ ሆኜ፣ ከውጭ የሚመጣ ብርድ ልብስ እንዴት ጉዳት አለው ብዬ ላስብ እችላለሁ? ሂሳቡን ስጀምር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የማጓጓዣውና የመጋዘኑ ወጪ ብቻ ተደምሮ 70 ያህል የሕፃን ብርድ ልብስ እዚሁ ክር ገዝቶ ያሠራል። ይህን ሳይ የአባላችን ጥያቄ ትዝ አለኝና ከእኛ በፊት ማን ጠይቆት ይሆን ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። እንግሊዝ ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ውስጥ እንደገባች፣ ወደ ፈረንሳይ ለዘመተው ወታደር ሹራብ መሥራት የአገሩ ሴቶች ሁሉ ሥራ ሆነ። ንግሥት ሜሪ የምትመራው የመርፌ ሥራ ማኅበር በቅዱስ ጄምስ ቤተ መንግሥት ውስጥ ቢሮ ከፈተ። የጦር ሚኒስትሩ ሎርድ ኪችነር 300,000 ጥንድ ካልሲና 300,000 የሆድ መቀነት ጠየቀ። እመቤቶችም ተማሪዎችም ሹራብ መርፌ አነሱ። ደመወዝ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም ለአገር ነበር።

በዚያው ወር ግን ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ጦርነቱ እንደተነሳ ባለጠጎች አዲስ ልብስና ባርኔጣ ማሠራት አቆሙ። በስፌት፣ በባርኔጣና በሽመና ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ሴቶች ከሥራ ወጡ። እነዚህ ሴቶች ካልሲና ሸሚዝ መሥራት ያውቃሉ፤ የዕለት እንጀራቸውም ነው። አሁን ግን ያንኑ ካልሲና ሸሚዝ ሌሎች በነፃ እየሠሩት ነው።

ይህን ደፍራ የተናገረች ሜሪ ማክአርተር የምትባል ሴት ነበረች። ማክአርተር በ1906 የሴት ሠራተኞች ብሔራዊ ፌዴሬሽን የሚባለውን ማኅበር ያቋቋመች፣ በ1910 ደግሞ በክራድሊ ሂዝ ከተማ በቤታቸው ሰንሰለት የሚቀጠቅጡ ሴቶች አድማ መትተው ክፍያቸው እጥፍ ገደማ እንዲያድግ የመራች ናት። በነፃ የሚሠራው መርፌ ከሥራ የወጣችውን ሴት የባሰ እያስራባት መሆኑን አስረዳች። ይህን በጦርነት መካከል መናገር ቀላል አልነበረም። ወታደር በብርድ እየተንቀጠቀጠ ስለ ደመወዝ ታወራለች ሊባል ይችላል። እኛስ አባላችንን «ምቀኛ» ብለናት የለም?

ንግሥቲቱ ግን አልሳቀችም፤ ሰማች። ያኔውኑ በነሐሴ 1914 ዓላማው ለሥራ አጥ ሴቶች ሥራ መፍጠር የሆነ የንግሥቲቱ ፈንድ ተቋቋመ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ማዕከላዊ ኮሚቴም ማክአርተርን ጸሐፊው አደረገ። አሳቡ ቀላል ነው። መርዳት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ያዋጣል፤ በገንዘቡ ሥራ ያጣችው ሴት እየተከፈላት ትሠራለች። በአንድ ብር ሁለት ሰው ይረዳል ማለት ነው።

ሂሳብ ላይ ስለተቀመጥኩ ግን ጉድለቱንም መጻፍ አለብኝ። ፈንዱ በከፈታቸው የሥራ ቤቶች ክፍያው በሰዓት 3 ፔንስ ነበር፤ በሳምንትም ከ10 ሽልንግ አይበልጥም። በምሥራቅ ለንደን ድሆች መካከል ትሠራ የነበረች ሌላ ሴት ይህን አጥብቃ ተቃወመች። የሥራ ቤቶቹንም በንግሥቲቱ ስም የተከፈቱ የጉልበት መበዝበዣ ብላ ጠራቻቸው። እሷ ራሷ በዚያው ዓመት አነስተኛ የመጫወቻ ፋብሪካ ከፍታ ለሴቶቹ በሰዓት 5 ፔንስ፣ ማለትም በአካባቢው ለወንድ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ክፍያ ትከፍል ጀመር። በዋጋው ብቻ ምግብ የሚሸጥ ምግብ ቤትም ከፈተች።

ይህችን ሴት ታውቋታላችሁ፤ ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። ከ20 ዓመት በኋላ ፋሺስት ኢጣልያ ሲወረን በለንደን የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚናገር ጋዜጣ ያቋቋመችው፣ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ ያሰባሰበችው፣ በ1956 እ.ኤ.አ. መጥታ አዲስ አበባ የኖረችው ያችው ሲልቪያ ናት። ያረፈችው መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው፤ መቃብሯም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። እዚያ በሄድኩ ቁጥር ስለ አርበኞች ወዳጅነቷ አስብ ነበር እንጂ፣ ስለ ሹራብና ስፌት ሠራተኞች የሰዓት ክፍያ ስትሟገት የኖረች መሆኗን አላውቅም ነበር።

ወደ እኛው ዘመን ስንመጣ፣ ጋርት ፍሬዘር የተባለ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2008 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አሳትሟል። በአፍሪካ ከ1981 እስከ 2000 የልብስ ምርት ከቀነሰው ውስጥ 40 በመቶ ያህሉን ከውጭ በገባ ያገለገለ ልብስ ምክንያት የመጣ ነው ይላል። ያ ልብስ ሲነሳ አብዛኛው ስጦታ ነበር፤ እኛ ጋ ሲደርስ ሰልባጅ ይሆናል። የሰጪዋ ልብ ንጹሕ ነው፤ ልብስ ሰፊውም ከገበያ ወጥቷል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ታዲያ የእናቴ ብርድ ልብስስ? እሱን ደጋግሜ አሰብኩበት። በ1977 ኮረም ሜዳ ላይ ክር የምትገዛ፣ ሠርታ የምትሸጥ፣ ከፍላ የምትወስድ ሴት አልነበረችም። ዛሬ ማታ የሚያስፈልገው ብርድ ልብስ ዛሬ ማታ ካልተገኘ ልጅቱ አታነጋም። እንዲያ ባለ ጊዜ ከየትም ይምጣ፣ ጠርዙም ይጣመም፣ ሕይወት ነው። የኛ ጤና ጣቢያ ግን ኮረም አይደለም። ከበሩ ሦስት መቶ እርምጃ ላይ አባላችን ሹራቧን ዘርግታ ተቀምጣለች። ብዛት ያለው ብርድ ልብስ ቢያስፈልገንም ደብረ ብርሃን ፋብሪካ አለ፤ የመንዝ ሴቶችም ሱፍ መፍተል ከማንም አልተማሩም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ለእህቶቻችን ከልብ አመስግነን እንጻፍላቸው። ብርድ ልብሶቹን እዚያው በባዛር ሸጠው ገንዘቡን ቢልኩልን፣ ለሚወልዱት እናቶች ብርድ ልብሱን እዚህ እናሠራለን። ሻንጣ የሚያመጣ ሰው ሲገኝ ጥቂቱን ቢልኩልን ደግሞ የእጃቸውን ሥራ እናያለን።

ሁለተኛ፣ ሹራብ ለሚሠሩት አባሎቻችን በቁራጭ ሳይሆን ጊዜያቸውን አስልተን እንክፈል። ክፍያውን ስንወስን እነሱ ራሳቸው ይኑሩበት። 3 ፔንሱን እንዳንደግመው።

ሦስተኛ፣ ሌሎቻችን በነፃ መሥራት የምንፈልግ ካለን፣ ካሬ ካሬ እየሠራን ለድንገተኛ አደጋ በመጋዘን እናስቀምጥ። እሳት ወይም ጎርፍ ሲመጣ ገበያ አይጠበቅም።

ወጪና ገቢውን በዝርዝር አዘጋጅቻለሁ፤ በስብሰባው ዕለት ለእያንዳንዳችሁ ይታደላል። አረንጓዴዋ ካሬ ያለችበትን ብርድ ልብስም እናቴን አስፈቅጄ ይዤው እመጣለሁ።

ከሂሳቡ በፊት ግን አንድ ያልተመዘገበ ዕዳ አለብኝ። ከኋላ ተነስታ ለጠየቀችው እህታችን፤ ስቄብሻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ አንቺ ተናገሪ።