በሳተላይት የሚደረገው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልኬት፤ ስሕተትን የማረም ታሪክ

ቻርልስ ኪሊንግ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1958 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሃዋይ በማውና ሎአ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር፣ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 315 እጅ ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ420 እጅ አልፏል። በተራራ ላይ የተተከለ መሣሪያ የዓለሙን ጠቅላላ ጭማሪ ቢያሳይም፣ ጋዙ ከየትኛው ምድር እንደሚወጣና የትኛው ደን እንደሚመጠው ለይቶ አይናገርም። ሳተላይት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ሥራው ግን ከሚታሰበው በላይ አዳጋች ነው። የአንድ ሰፊ አገር ምድር በላዩ ባለው የአየር ዐምድ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ብዙውን ጊዜ ከ1 እጅ ብዙ አይርቅም፤ እንግዲህ ከ400 ውስጥ አንዷን መለየት የግድ ነው ማለት ነው። ሳተላይቱ ደግሞ አየሩን ቀድቶ አይመረምርም፤ ከምድር ተንጸባርቆ የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን ተመልክቶ፣ በ1.6 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ምን ያህሉ በጋዙ እንደ ተዋጠ ያሰላል እንጂ። ብርሃኑ ምን ያህል አየር እንዳቋረጠ ለማወቅም፣ በአየር ውስጥ ያለው ድርሻ ከታወቀው ከኦክሲጅን ጋር ያስተያያል። አቧራ፣ ጭስና ስስ ደመና የብርሃኑን መንገድ ሲያስረዝሙት ወይም ሲያሳጥሩት ስሌቱ ይዛባል።

ጃፓን በጥር 2009 «ኢቡኪ» የተባለችውን ሳተላይት አመጠቀች። በተከታዩ ወር የተተኰሰው የአሜሪካ ኦ.ሲ.ኦ. ግን የሮኬቱ መከለያ ሳይላቀቅ በመቅረቱ ምሕዋሩ ውስጥ ሳይገባ ውቅያኖስ ላይ ወደቀ። ሳተላይታቸውን ያጡት ባለሙያዎች ዕውቀታቸውን ይዘው ከጃፓኖቹ ጋር መሥራታቸው፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ የታሪኩ እጅግ የሚያስመሰግን ክፍል ነው። በዚያው ዓመት በኔቫዳ፣ ሬይልሮድ ቫሊ በተባለ የደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ሰፍረው፣ ኢቡኪ ከላይ ስታልፍ የምድሩን ነጸብራቅ ከታች ለኩ። በ2004 በዊስኮንሲን ፓርክ ፎልስ የተጀመረውና ከምድር ሆኖ ፀሐይን በቀጥታ የሚመለከተው የጣቢያዎች መረብም ለዳኝነት ቀረበ። በ2011 በወጣው ማነጻጸሪያ የኢቡኪ ውጤት 9 እጅ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ስሌቱ ታርሞ በ2013 ሲመዘን ጉድለቱ ወደ 1.5 እጅ ወርዷል።

ስለ ልኬት ስሕተት ስናስተምር «ደጋግሞ መለካት» የሚለውን ብቻ ማጥበቃችን እዚህ ላይ አያዋጣም። ወለሉ ከፍ ያለ ቁና መቶ ጊዜ ቢሰፈርበት መቶ ጊዜ ያጐድላል፤ የሚያጋልጠው ሌላ ቁና ነው።

ነገሩ እኛንም በቀጥታ ነክቷል። በኢቡኪና በ2014 በመጠቀችው ኦ.ሲ.ኦ. 2 መረጃ የተደገፈ አንድ የ2019 ጥናት፣ በሐሩር አፍሪካ ካርቦን በብዛት የሚወጣባቸው ሁለት ሥፍራዎች ምዕራብ ኢትዮጵያና የአህጉሩ ምዕራባዊ ክፍል መሆናቸውን ገለጸ፤ በአፈር የተከማቸውን ካርቦንና የመሬት አጠቃቀም ለውጥንም ጠቀሰ። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ግን፣ አውሮፕላን ከ2016 እስከ 2018 በሰበሰበው የአየር ልኬት መዝኖ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ያለው የሐሩር አፍሪካ የተጣራ ልቀት በሳተላይት እንደ ተገመተው በዓመት ከ0.8 እስከ 1.45 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ሳይሆን 0.14 ገደማ መሆኑን አስታወቀ፤ የግምቱ ማወላወያ 0.39 ስለሆነ ከዜሮ የሚለይ አይደለም። በበጋ ወራት የኦ.ሲ.ኦ. 2 ንባብ በዚህ ምድር ላይ ወደ ላይ ሳያዘነብል እንዳልቀረም ጠቆመ። በክረምት ወራት ግን ሳተላይቷ ከምድር ጣቢያዎቹ የተሻለ ግምት እንደ ሰጠች ይኸው ጥናት መስክሯል።

ስለዚህ ለዕቅድ አውጪዎች የ2019ኙን አኃዝ እንደ ተረጋገጠ ዕዳ መቀበል፣ የ2023ቱንም እንደ መጨረሻ ፍርድ ማየት አያስኬድም። በዳኝነት የቀረበው አውሮፕላን የበረረው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ እንጂ በወለጋና በጋምቤላ ሰማይ ላይ አይደለም።