ከአዳኝ ቀስት እስከ ነርቭ ምሥጢር

በአፍሪካ ቀንድ ድንጋያማ ተዳፋቶችና በምሥራቅ አፍሪካ ቁጥቋጦዎች መካከል ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ ነጭ አበባው ከሩቅ የሚያውድ አንድ ዛፍ ይበቅላል። አማርኛ ተናጋሪው ምረንዝ፣ ኦሮሞው ቀራሩ ይለዋል። የሶማሌ አዳኞች እንጨቱንና ሥሩን ቀቅለው፣ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ እስኪወፍር ድረስ እያንተከተኩ የቀስት መርዝ ያወጡበት ነበር፤ ስሙንም «ዋባዮ» ብለውታል። በኬንያ ጠረፍ አካባቢ የሚኖሩት ዋታዎችም በዚሁ ዛፍ መርዝ በተቀባ ቀስት ዝሆን ይጥሉ ነበር። መርዙ ከደም ጋር ሲቀላቀል ልብን ያቆማል፤ በአንጀት በኩል ወደ ደም የሚያልፈው ግን እጅግ ጥቂት በመሆኑ የታደነው አውሬ ሥጋ ይበላል።

በ1888 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አርኖ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከዚህ ዛፍ ንጥረ ነገሩን ለይቶ አወጣ። መጠሪያውንም ከሶማሊኛው ቃል ወስዶ «ኡዋባይን» አለው። መርዙ በጥቂቱ ሲሰጥ የደከመ ልብን እንደሚያበረታ ታውቆ በአውሮፓ ለመድኃኒትነት ዋለ። ሆኖም በሰውነት ውስጥ የሚነካው ምን እንደሆነ ለሰባ ዓመታት ያህል ሳይታወቅ ቆየ። መልሱ የመጣው ባልተጠበቀ በኩል፣ ነርቭ ኤሌክትሪክን ከየት እንደሚያገኝ ከመረመሩ ሰዎች ነው።

ነርቭና ኤሌክትሪክ ዝምድና እንዳላቸው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ በ1791 ባሳተመው ሥራው፣ በእንቁራሪት እግር ላይ ባደረገው ሙከራ አሳይቶ ነበር። ነገሩን በጨው ያስረዳው ግን ጀርመናዊው ዩሊየስ በርንሽታይን ነው። ጨው በውሃ ሲሟሟ አዮን ወደሚባሉ፣ የኤሌክትሪክ ሙል ወዳላቸው ቅንጣቶች ይከፋፈላል። በሕዋስ ውስጥ ፖታሲየም ይበዛል፤ በውጭ ደግሞ ሶዲየም። በርንሽታይን በ1902 እንዳቀረበው ሐሳብ፣ ባረፈ ነርቭ የሕዋሱ ሽፋን ፖታሲየምን ብቻ ያሳልፋል፤ ፖታሲየም አወንታዊ ሙሉን ይዞ ጥቂት በጥቂት ሲሾልክ ውስጡ አሉታዊ ሆኖ ይቀራል። መልእክት ሲያልፍ ሽፋኑ ለቅጽበት ለሁሉም አዮን ይከፈትና ልዩነቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል ሲል ገመተ።

ይህን ግምት ለመፈተን ኤሌክትሮድ ማስገባት የሚቻልበት ወፍራም ነርቭ ያስፈልግ ነበር። እርሱም ስኩዊድ በተባለው ባለ አሥር ክንድ የባሕር እንስሳ ተገኘ፤ የዚህ እንስሳ ትልቁ የነርቭ ክር ውፍረቱ እስከ አንድ ሚሊሜትር ይደርሳል። በ1939 የበጋ ወራት እንግሊዛውያኑ አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ በፕሊመዝ ከተማ ቀጭን ኤሌክትሮድ በዚህ ክር ውስጥ አስገብተው ለኩ። መልእክቱ ሲያልፍ ልዩነቱ ዜሮ ላይ አልቆመም፤ ከዜሮ በላይ አርባ ሚሊቮልት ያህል ዘለለ። የበርንሽታይን ሐሳብ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ጦርነት ፈነዳ፤ ሁለቱም ወደ ጦርነቱ ሥራ ተጠሩና ጥያቄው ለዓመታት ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1949፣ ሆጅኪንና በርናርድ ካትዝ ነርቩ ያለበትን የባሕር ውሃ ሶዲየም ሲቀንሱ ዝላዩም እንደሚያንስ አሳዩ። ሽፋኑ የሚከፈተው ለሁሉም አዮን አይደለም፤ በመጀመሪያ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፣ ከዚያ ፖታሲየም ወደ ውጭ ይወጣና ቀድሞ የነበረው ሚዛን ይመለሳል። በ1952 ሆጅኪንና ሃክስሊ ይህን ሁሉ በሒሳብ ቀመር አስቀመጡት። የካምብሪጁ ኮምፒዩተር በዚያን ጊዜ አገልግሎት አይሰጥም ነበርና ሃክስሊ ስሌቱን የሠራው በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና ነው። ለዚህ ሥራቸው በ1963 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አንድ ዕዳ ግን አልተከፈለም ነበር። እያንዳንዱ መልእክት ጥቂት ሶዲየም ያስገባል፣ ጥቂት ፖታሲየም ያስወጣል። ሚዛኑን ማን ይመልሳል? በ1955 ሆጅኪንና ሪቻርድ ኪንስ ኃይል የሚያመነጨውን የሕዋስ ሥራ በመርዝ ሲያግዱ ሶዲየም መውጣቱን አቆመ፤ ነርቩ ግን መልእክት ማስተላለፉን ቀጠለ። የሞላ ጎተራ ያለው ቤት አዝመራ ቢቋረጥ በዚያው ቀን አይራብም፤ ነርቭም እንዲሁ ነው። መልእክቱ የሚጓዘው በተከማቸው ልዩነት ነው፤ ጎተራውን የሚሞላው ሌላ ሠራተኛ ነው።

ሠራተኛውን ያገኘው ዴንማርካዊው ሐኪም የንስ ስኩ ነው። በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ በሸርጣን እግር ነርቭ ላይ ሲሠራ፣ ሶዲየምና ፖታሲየም አብረው ሲገኙ ከሁሉ ይልቅ የሚተጋ ኢንዛይም አገኘ፤ በ1957ም አሳተመው። ይህ ኢንዛይም አዮኖቹን የሚያጓጉዘው ራሱ ለመሆኑ ግን ማስረጃው ገና አልተሟላም ነበር። በ1958 በቪየና በተደረገ ጉባኤ ላይ አሜሪካዊው ሮበርት ፖስት፣ «ኢንዛይሙን ኡዋባይን ያግደዋልን?» ሲል ጠየቀው። የኡዋባይን ቤተሰብ የሆኑ መርዞች በቀይ የደም ሕዋስ የሶዲየምና የፖታሲየምን ዝውውር እንደሚያቆሙ ሻትዝማን የተባለ ተመራማሪ በ1953 አሳይቶ ነበር። ስኩ ወደ ኦርሁስ ስልክ ደውሎ እንዲሞከር አደረገ። ኢንዛይሙ ታገደ።

የሶማሌው የቀስት መርዝ ቁልፉን አስገኘ። ኢንዛይሙ በአንድ ዙር ሦስት ሶዲየም ያስወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፤ ስለዚህም ሶዲየም–ፖታሲየም ፓምፕ ተባለ። ነርቭ የሚናገረው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ልብ የሚመታው ይህ ሠራተኛ በሚጠብቀው ልዩነት ነው። የዋባዮ ቀስት ልብን የሚያቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፓምፑ ሲታገድ ሶዲየም በልብ ሕዋስ ውስጥ ይከማቻል፣ ካልሲየምም ተከትሎ ይበዛል። ጥቂት ሲሆን ምቱን ያበረታል፤ ሲበዛ ምቱን ያዛባና ያቆመዋል።

ስኩ በ1997 ከኖቤል ሽልማቱ እኩሌታውን ተቀበለ። ከእርሱ በፊት ዛፉን ለይተው፣ የአፈላሉን ሥርዓትና የመርዙን ጉልበት በልምድ አውቀው ለልጆቻቸው ያስተላለፉት አዳኞች ግን ስማቸው በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም። የተጻፈው ቃላቸው ነው። ዛሬም የሕዋስን ፓምፕ ለማስቆም ኡዋባይን ያለበትን ብልቃጥ የሚያነሣ ተመራማሪ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ሶማሊኛ ያነባል።