የተጠኚው ሰው ፈቃድ፤ ከኑረምበርግ እስከ ዋግ ኽምራ

የሳይንስ ምርምር የሰውን ልጅ ከብዙ ደዌ እንደ ታደገ አይካድም። ዳሩ ግን ዕውቀቱ አንዳንድ ጊዜ ፈቃዳቸው ባልተጠየቀ ሰዎች ሥቃይ የተገኘ መሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ የፈጸሙትን ግፍ የመረመረው የኑረምበርግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1947 የተጠኚው ፈቃድ ከቶ የማይታለፍ መሆኑን ደነገገ። ይሁን እንጂ ድንጋጌው ብቻውን አልበቃም፤ በአሜሪካ በተስኪጊ እ.ኤ.አ. በ1932 የተጀመረው ጥናት 399 የቂጥኝ ሕሙማን የሆኑ ጥቁሮችን፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳያክም፣ እስከ 1972 ድረስ ሲመለከታቸው ኖሯል።

ሀገራችን ማንም ሰው ያለ ነጻ ፈቃዱ የሕክምና ወይም የሳይንስ መሞከሪያ እንዳይሆን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በ1985 ዓ.ም. ተቀብላለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 9 እንዲህ ያሉትን ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል አድርጓቸዋል።

ሕጉ በሥራ የሚፈተነው እንደ ዋግ ኽምራ ባለ ስፍራ ነው። ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. በዚያ በ40 የገጠር ማኅበረሰቦች ስለ ትራኮማ ሰፊ ጥናት ተካሂዷል። በዕጣ የተለዩት 20ዎቹ የውሃ፣ የመታጠቢያ፣ የሳሙናና የንጽሕና ትምህርት አገልግሎት ወዲያው ሲያገኙ፣ የቀሩት 20ዎቹ ጥናቱ እስኪያበቃ እንዲጠብቁ ተደረገ። ከሕፃናት ዓይን ናሙና እየተወሰደ ሲመረመር፣ በሦስተኛው ዓመት በሁለቱም ወገን የበሽታው ተሐዋስያን የተገኙባቸው ሕፃናት መጠን ከ11 ከመቶ ገደማ ወደ 30 ከመቶ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በሁለቱ መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል።

ከዚህ የምንማረው፣ ተመራማሪው የሚጠይቀው ፈቃድ ገና ላልታወቀ ነገር የሚሰጥ ፈቃድ መሆኑን ነው። ወላጅ ልጁ በዕጣ ከሚጠብቁት ወገን ሊመደብ እንደሚችልና የተሰጠው አገልግሎት ላይረዳው እንደሚችል አስቀድሞ ካልተረዳ፣ «እሺ» ማለቱ ፈቃድ ሊባል አይችልም። ኽምጣና አፉን ለፈታ ሰው በአማርኛ ብቻ የተነበበ ቃል ምን ያህል ይደርሰዋል? በወላይታ ዝሆኔ የተባለውን የእግር እብጠት ያጠኑ ተመራማሪዎች ፈቃድ ከመጠየቃቸው በፊት ፈቃድ እንዴት ሊጠየቅ እንደሚገባ ሕዝቡን አማከሩ፤ ሕዝቡም በሽታው በዘር ይተላለፋል መባሉ ቤተሰብን እንዳያስገልል ያለውን ሥጋት ገለጠላቸው። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሞ ለሌሎች አርአያ ሆኗል።

መምህርም የዚህ ጉዳይ ተመልካች ብቻ አይደለም። በዋግ ኽምራው ጥናት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የንጽሕና ትምህርት የሙከራው አንድ ክፍል ነበረ። ተማሪ መምህሩን ያከብራል፣ ወላጅም ያምነዋል፤ ስለዚህ በመምህር አፍ የቀረበ ጥያቄ ትእዛዝ መስሎ ሊሰማ ይችላል። በሰቆጣም ሆነ በጽጽቃ ያለ መምህር፣ ተመራማሪ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ ለወላጆች ሊነግር የሚገባው፣ እምቢ ማለት እንደሚቻልና እምቢ ያለ ሰው ልጅ ከትምህርቱም ከሕክምናውም አንዳች እንደማይጎድልበት ነው። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ይህን በመምህራን ማሠልጠኛ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ሊያካትቱት፣ የጥናቱም ውጤት ናሙና ወደ ሰጠው መንደር በራሱ ቋንቋ እንዲመለስ ሊጠይቁ ይገባል።