የደረቀ እንጀራና የደረቀ ዳቦ ታሪክ

ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ከነገሥታት ዜና መዋዕል የተገኘ ሳይሆን በየቤታችን መሶብ ውስጥ ያደረ ነው፤ ይኸውም የደረቀ እንጀራና የደረቀ ዳቦ ነው። የሰው ልጅ ለዕለት ጉርሱ ብዙ ስለሚደክም፣ የተረፈውን ላለመጣል የዘየደው ብልኀት ራሱን የቻለ ታሪክ አለው።

ዝቋላ ሲባል ብዙዎቻችን ከቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን ተራራ እናስባለን። ነገር ግን በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ሌላ ዝቋላ አለ። ዝናም የሚያጥርበት፣ ማሽላ የሚዘራበት፣ ፍየል የሚረባበትና ንብ የሚቀስምበት አገር ነው። ዋግ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበረ። እንዲህ ባለ አገር ፍርፋሪ ማለት የነገ ምሳ ነው እንጂ ትርፍ ነገር አይደለም።

እናቶቻችን የተረፈውን እንጀራ ቆራርሰው በፀሐይ ያሰጡትና ድርቆሽ ያደርጉታል። ውሃው ስለ ወጣለት ሻጋታ አይደፍረውም፤ ስለዚህም ነጋዴውና ወታደሩ በስልቻ ቋጥረው ለመንገድ ስንቅ ይዘውት ይወጡ ነበር። በደረሱበትም ስፍራ በወጥ ወይም በውሃና በበርበሬ አርሰው ይበሉታል።

የባሕር ማዶ ሰዎችም ከዚህ አሳብ አልራቁም። በአፒኪዩስ ስም በሚታወቀው የጥንት ሮማውያን የወጥ ቤት መጽሐፍ ውስጥ ነጭ ዳቦ ቆርሶ በወተት መንከር፣ በዘይት መጥበስና ማር ማፍሰስ ተጽፎ ይገኛል። ፈረንሳዮች ይህን ምግብ «የጠፋ ዳቦ» ይሉታል፤ ሊጠፋ ሲል የዳነ ለማለት ነው። ጀርመኖች ደግሞ «ድኾች ፈረሰኞች» ብለው ሰይመውታል። በስፓኝ አገር በዐቢይ ጾምና በሰሙነ ሕማማት ይበላል፤ በእኛ ዘንድ ግን እንቁላልና ወተት ስላለበት ለፍስክ ቀን የሚቆይ ነው።

በከተማችን «ፉርኖ» የምንለው ዳቦ ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ትርጓሜውም የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው። ይህ ዳቦ በማግሥቱ ሲጠነክር እንደሚከተለው ይዘጋጃል።

አንድ ወይም ሁለት ቀን ያደረውን ዳቦ በአውራ ጣት ውፍረት መቁረጥ ነው። ለአራት ቁራጭ ሁለት እንቁላል ከግማሽ ብርጭቆ ወተትና ከቁንጥር ጨው ጋር መምታት፣ ከዚያም ዳቦውን በሁለቱም ወገን እስኪጠጣ መንከር ነው። ትኩስ ዳቦ ሲነከር ይፈርሳል፤ የደረቀው ግን ቅርጹን ሳይለቅ ፈሳሹን ይቀበላል። ከዚህ በኋላ መጥበሻው ላይ ለጋ ቅቤ አቅልጦ በመጠነኛ እሳት እያገላበጡ፣ እያንዳንዱን ወገን ሦስት ደቂቃ ያህል መጥበስ ነው። እሳቱ ከበረታ ላዩ ያርራል፣ ውስጡም ጥሬ ይቀራል። ሲወርድ ማር ይፈስበታል፤ የዋግ ማር ከተገኘማ ሌላ ማጣፈጫ አያሻም። የሻገተ ዳቦ ግን ለማንም አይበጅምና ይጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከእኛ መካከል ለእንግዳ ድርቆሽ ማቅረብ ነውር የሚመስለው ሰው አለ፤ ያው ሰው በሆቴል ተቀምጦ ያደረ ዳቦ በእንቁላል ተጠብሶ ሲቀርብለት ሒሳቡን በደስታ ይከፍላል። ሁለቱም ግን የአንድ ብልኀት ልጆች ናቸው። ልዩነቱ አንደኛው ከባሕር ማዶ ስም ይዞ መምጣቱ፣ ሁለተኛው ከእናታችን እጅ መገኘቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ በወር ደመወዝ የምንተዳደር ሁሉ ያደረውን ዳቦ ወደ ቆሻሻ ከመወርወራችን በፊት በዝናም እጦት ምርቱ የቀረበትን የዝቋላ ገበሬ እናስብ። የተረፈውን አክብሮ ማንሣት ንፍገት አይደለም፤ የዘራውን ሰው ድካም ማክበር ነው።