ልጁ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ግን አባቱን ነው

ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ የአእምሮ ሕክምና ሲከታተል ወላጅ አብሮ ይግባ ወይስ ውጭ ይጠብቅ? ሌላ አገር ይህ ብዙ ያከራክራል። ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጌጫ ግን ክርክሩ ገና ሳይጀመር አልቋል። ከሸካ ደን መሀል ታማሚን ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ወላጅ ነው። ቡናውን ሸጦ ትራንስፖርት ይከፍላል፣ መድኃኒቱን ይይዛል፣ ሕመሙንም ለሐኪሙ የሚያስረዳው እሱ ነው።

ይህ ልማድ ብቻ አይደለም፤ በሕግም ተጽፏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 18 ዓመት የሞላውን ሰው ራሱን የቻለ አድርጎ ይቆጥራል። ስለ አእምሮ ሕመም ሲናገር ግን ሁለት መንገድ ያስቀምጣል። በአንቀጽ 341 መሠረት በዚህ ምክንያት ሆስፒታል የተኛ ሰው፣ እዚያ እስካለ ድረስ ሕመሙ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል። አንቀጽ 342 ደግሞ ነዋሪያቸው ከ2 ሺህ በታች ለሆኑ አካባቢዎች የተጻፈ ነው፦ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት በሕመሙ ምክንያት የሚጠብቁትና እንዳሻው እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክሉት ከሆነ፣ ሕመሙ የታወቀ ነው። የገባው ውልም ሊፈርስ ይችላል።

ልብ በሉ። በአንደኛው ምስክሩ ሆስፒታሉ ነው፤ በሁለተኛው ምስክሩ የቤተሰቡ ጥበቃ ነው። ሕጉ ይህን የጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረውም በ1995 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ነርሱም ዘበኛውም ቤተሰብ ነበር።

ምዕራባውያን ዘንድ ታሪኩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፍሪዳ ፍሮም-ራይክማን የተባሉ ሐኪም ስኪዞፍሬንያን ከእናት ጠባይ ጋር የሚያያይዝ ሐሳብ ጻፉ። ሐሳቡ በማስረጃ አልጸናም፤ ብዙ እናቶች ግን ለዓመታት ተወቀሱበት። ቆይቶ ለንደን ውስጥ ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ ጥያቄውን ለወጡት፦ ሕመሙን ማን አመጣው ሳይሆን፣ ታማሚው ሲመለስ ቤቱ እንዴት ይቀበለዋል? እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ ነቀፋ ወይም ከልክ ያለፈ ጭንቀት ወደበዛበት ቤት ከተመለሱት 58 በመቶው በ9 ወር ውስጥ ሕመሙ አገረሸባቸው። እንዲህ ባልሆነ ቤት ግን 16 በመቶ ብቻ።

የእኛም አገር ማስረጃ አለ። በሶዶ ወረዳ የተሠራ ጥናት፣ ቤተሰብ ልጁን በሰንሰለት የሚያስረው ከጭካኔ ሳይሆን በአብዛኛው አማራጭ አጥቶ መሆኑን አሳይቷል፤ እንዳይጎዳ፣ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ፣ አንዳንዴም ሕክምና ለማድረስ። እዚያው አካባቢ በተሞከረ ፕሮግራም ደግሞ የሠለጠኑ ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ታማሚውንም አስታማሚውንም አገዙ። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ይህ በጤና ጣቢያው ሕክምና ላይ ሲታከል የታማሚዎቹ የዕለት ኑሯቸውን የመምራት አቅም ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይበልጥ ተሻሽሏል።

ስለዚህ ለጌጫ ወላጅ «ልግባ ወይስ ልቅር» የሚል ምርጫ የለም። ገብቷል። ጥያቄው ምን ሆኖ ይግባ የሚለው ነው። ብቻውን የተተወ አባት መጨረሻው ዘበኛ መሆን ነው። የታገዘ አባት ግን አስታማሚ መሆን ይችላል። ልጁም በራሱ ጉዳይ የመጀመሪያው ተናጋሪ መሆን አለበት። ሐኪሙ አስቀድሞ ልጁን፣ ቀጥሎም በልጁ ፈቃድ አባቱን ቢጠይቅ በጀት አያስፈልገውም።

መድኃኒትን በቅርብ ማድረስና ቤት ለቤት ማገዝ ግን በጀት ይፈልጋል፤ ይህም የመንግሥት ዕዳ ነው። ሕጉ የቤተሰብን ጥበቃ በምስክርነት ከተቀበለ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው። ወላጅ ግን ያረጃል፤ አንድ ቀንም ይሞታል። ያኔ ያ ልጅ የማን ነው?