የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት አመጣጥ



ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የተዛወረ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አለ እንበል። በቤንዚን የምትሄደው አሮጌ መኪናው በደጋው ሳለች ያለ እንከን ከርማ፥ ፎገራ ሜዳ ወርዳ ጥቂት ቀን እንዳደረች፥ ከመሪው ፊት የሞተር ሥዕል ያለበት ቢጫ መብራት ይበራባታል። ባለቤቱም ጥፋቱን በወረታ ቤንዚን ወይም በፎገራ ጭቃ ያሳብባል። ነገሩ ግን ሌላ ሊሆን ይችላልና ከመብራቱ ታሪክ እንነሣ።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያይቱን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ባመጣ ጊዜ፥ የመኪና ደዌ የሚታወቀው በጆሮና በአፍንጫ ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን እንዲሁ ኖረ። መብራቱን የወለደው የነጂው ችግር ሳይሆን የከተማ ጢስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃገን ስሚት የተባለ ትውልዱ ሆላንዳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ፥ የሎስ አንጀለስን ሕዝብ ዓይን የሚለበልበው ጉም የቤንዚን ተን ከሌላው የመኪና ጢስ ጋራ በፀሐይ ብርሃን ሲዋሐድ የሚፈጠር መሆኑን ገለጸ። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ተኑ ከታንኩ ወደ አየር እንዳይወጣ አዘዘች፤ ተኑ ከሰል በተሞላ ዕቃ ውስጥ ተይዞ ይቆይና ሞተሩ ሲሠራ ይቃጠላል። ከ1988 ሞዴል ወዲህ መኪናይቱ ራስዋን እንድትመረምር፥ ከ1996 ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ጉድለቱን በአንድ ዓይነት ቁጥር እንዲናገር ተደነገገ። ፒ 0455 ትልቅ መፍሰስን፥ ፒ 0442 አንድ ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳን፥ ፒ 0456 የግማሽ ሚሊሜትሩን ያመለክታል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የተለካው ለባሕር ጠረፍ ከተማ ነው። በከፍታ አገር አየሩ ይሳሳል፤ ውኃ እንኳ በወረታ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፥ ቤንዚንም ለመትነን ይቸኩላል፤ ልኩም ይዛባል። ስለዚህ ከ2,440 ሜትር በላይ የተን ፍተሻው እንዲቀር ለፋብሪካዎቹ ተፈቅዶላቸዋል። ደብረ ታቦር 2,700፥ ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። ቀዳዳው ደጋ ላይም ሳይኖር አልቀረም፤ የመረመረው ግን አልነበረም። (የአዲስ አበባ አንባቢም አይሣቅ፤ የእንጦጦ መንገድ ከዚህ ልክ በላይ ይወጣል።)

ቁጥሩ ተን መውጣቱን እንጂ የት እንደሚወጣ አይናገርም። ቁጥሩን አንብቦ ወዲያው ቫልቭ ግዛ የሚልን መካኒክ እኔ አላምነውም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለ ከለከለ፥ በእጃችን ያለውን ማክበር ይገባል። አስቀድማችሁ የታንኩን ክዳን ተመልከቱ፤ ጎማው ተሰነጣጥቆ እንደ ሆነ ለውጡት፥ ደኅና ከሆነም ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ አጥብቁት። መብራቱ በዚያው ቀን አይጠፋም፤ መኪናይቱ ፍተሻዋን ደጋግማ ማለፍ አለባት፥ ለዚህም ታንኩ ሙሉም ባዶም መሆን የለበትም። ክዳኑ ካልሆነ፥ በጋራዥ ልዩ ጢስ በቱቦዎቹ ውስጥ ተነፍቶ የሚወጣበት ቦታ ይታያል። ክብሪት ጭሮ መፈለግ ግን ሕይወት ያጠፋል። የፎገራን ሩዝ የሚጭነው የናፍጣ መኪና ይህ ጣጣ የለበትም፤ ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይተንምና።

መብራቱ በርቶ በመቆየት ፈንታ ቦግ እልም የሚል ከሆነ ግን የተን ነገር አይደለም። ከሲሊንደሮቹ በአንዱ ቤንዚኑ ሳይቃጠል እያለፈ ነውና መኪናይቱን ወደ መንገድ ዳር አውጥታችሁ አቁሙ።