ሰባ ዓመት የሞላው ጀማሪ

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ይላሉ አበው፣ በማምሻ ዕድሜው የወጣት ጌጥ ያማረውን ሰው ሲተርቡ። ይህን ብሂል በሰማሁ ቁጥር መርስ ከኒንግሃም የተባለው አሜሪካዊ የዳንስ ሊቅ ትዝ ይለኛል። ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ መገጣጠሚያዎቹ በቁርጥማት ተይዘው እንደ ልቡ መዝለል ሲያቅተው፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ዳንስ መድረስ ጀመረ። ለመሆኑ ይህ የእርጅና አምባር ነበርን? አልነበረም እላለሁ። ለምን እንዳልሆነ ለማስረዳት ግን ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኒንግሃም በ1919 በዋሽንግተን ግዛት፣ ሴንትራሊያ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከ1939 እስከ 1945 በዝነኛዋ ማርታ ግሬም ቡድን ውስጥ ተወዛወዘ። በግሬም ዘንድ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ስሜት ወይም አንድ ታሪክ ይናገር ነበር። ከኒንግሃም ግን ከሙዚቃ ቀማሪው ከጆን ኬጅ ጋር ሆኖ ሌላ መንገድ ቀየሰ። በ1953 በሰሜን ካሮላይና፣ በብላክ ማውንቴን ኮሌጅ የራሱን ቡድን አቋቋመ። በእነርሱ ሥራ ሙዚቃውና ዳንሱ ለየብቻ ተዘጋጅተው መድረክ ላይ ይገናኛሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከተልም። ከኒንግሃም ሳንቲም እየወረወረ፣ ዕጣ እየጣለ፣ የትኛው እንቅስቃሴ ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ ይወስን ነበር። ይህን ያደረገው ለቀልድ አልነበረም። የሰው አካል ልማደኛ ነው፤ እግር የለመደውን ይረግጣል። ዕጣው ከገዛ ልማዱ እስር ቤት ማምለጫው ሆነ።

ከመሣሪያ ጋር የተዋወቀውም በእርጅናው አይደለም። በ1965 በኒው ዮርክ በቀረበው «ቬሪየሽንስ ፋይቭ» መድረኩ ላይ አንቴናዎችና ብርሃን የሚለዩ መሣሪያዎች ተተክለው ነበር፤ ተወዛዋዦቹ በአጠገባቸው ሲያልፉ ድምፅ ይቀሰቀሳል። ከኋላ ደግሞ ፊልምና የቴሌቪዥን ምስል ይታያል። በ1970ዎቹም ከፊልም ሠሪው ከቻርልስ አትላስ ጋር ሆኖ ለካሜራ ብቻ የተቀመሩ ዳንሶችን ሠራ።

እንግዲህ በ1989 «ላይፍ ፎርምስ» የተባለው ፕሮግራም ሲመጣለት ቤቱ የተሰናዳ እንግዳ ነበር። ፕሮግራሙ በካናዳ፣ በሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሲሆን፣ በስክሪን ላይ ያለን የሰው ቅርጽ እግሩን፣ ወገቡንና እጁን ለየብቻ ማንቀሳቀስ ያስችላል። በዚህ የታገዘው የመጀመሪያ ሥራ፣ «ትራከርስ»፣ በ1991 ለመድረክ በቃ። ስክሪኑ አንዳንድ ጊዜ ሥጋ ለባሽ ሊሠራው የማይችል የሚመስል እንቅስቃሴ ያወጣ ነበር። ሌላ ሰው «ስሕተት ነው» ብሎ ይደመስሰዋል። ከኒንግሃም ግን ለተወዛዋዦቹ ያቀርብላቸዋል፤ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ወገቡን፣ ከዚያ እጁን እያጠኑ፣ ሚዛናቸው እየተናጋ መላ ይፈልጉለታል። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን፣ ማሽኑ ጥያቄውን ቢያቀርብም መልሱን ያገኘው የሰው አካል መሆኑን ነው። ኮምፒውተሩ ለእርሱ የድሮው ሳንቲም ታላቅ ወንድም ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የዚህ ጉዞ ከፍታ በ1999፣ ሰማንያ ዓመት በሞላው በዚያው ወር፣ በካሊፎርኒያዋ በርክሊ ከተማ የቀረበው «ባይፔድ» ነው፤ ትርጉሙ በሁለት እግር የሚሄድ ማለት ነው። ፖል ካይዘርና ሼሊ ኤሽካር የተባሉ የዲጂታል ሥነ ጥበብ ሰዎች በተወዛዋዦች መገጣጠሚያ ላይ ብርሃን መላሽ ምልክቶች ለጥፈው እንቅስቃሴያቸውን በልዩ ካሜራዎች ቀረጹ፤ የሰውየውን ሥጋ ትተው እንቅስቃሴውን ብቻ ወሰዱ። ያንን በጠመኔ የተጫረ በሚመስል መስመር አልብሰው፣ ከመድረኩ ፊት በተዘረጋ ስስ መጋረጃ ላይ አሳዩት። ከመጋረጃው ጀርባ ሕያዋኑ፣ በመጋረጃው ላይ ደግሞ ግዙፋን ጥላዎች አብረው ይወዛወዛሉ። ቅጂውን ባየሁ ጊዜ ዓይኔ መጀመሪያ ወደ ጥላዎቹ ሮጠ፤ እየቆየ ግን ወደ ሰዎቹ ተመለሰ። ጥላ አይደክምምና፤ የሚደክም አካል ሲዘል ማየት ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ግን በ2001 የታየው «ሉፕስ» ነው። ከኒንግሃም ለራሱ ብቻ የቀመረውን የእጅ ዳንስ በገዛ እጆቹ ሠርቶ አስቀረጸ፤ እጆቹ በስክሪን ላይ የሚዋልሉ ነጥቦችና መስመሮች ሆኑ። እግሩ ቢከዳው ጣቶቹ አልከዱትም። በ2008 ደግሞ ይህ ሥራ፣ ከነኮምፒውተር ቀመሩ፣ ለማንም ነፃ ተደርጎ ተለቀቀ።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። እንቅስቃሴን ከአካል ነጥቆ ማስቀመጥ የሚቻል ከሆነ፣ ዳንስ ያለ ሰው ሊኖር ነውን? ከኒንግሃም መልሱን የሰጠው በተግባር ነው። በሰኔ 2009 ይፋ በሆነው ዕቅድ መሠረት፣ ቡድኑ እርሱ ሲሞት ለሁለት ዓመት ዓለምን ዞሮ እንዲበተን ተወሰነ። ከወር በኋላ፣ ሐምሌ 26 ቀን፣ በ90 ዓመቱ ዐረፈ። ቡድኑም የመጨረሻ ትርኢቱን ታኅሣሥ 31 ቀን 2011 በኒው ዮርክ አሳይቶ ተበተነ። የእንጀራ ገመዳቸው ለተበጠሰ ተወዛዋዦች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሥራዎቹ በቪዲዮ፣ በማስታወሻ፣ በልብስና በመብራት ንድፍ በዲጂታል ማኅደር ተከማችተዋል። ሆኖም አንድ ቡድን ከእነዚህ አንዱን ልሥራ ሲል፣ ከማኅደሩ ጋር የቀድሞ ተወዛዋዥ ሄዶ ያስተምራል፤ ትከሻ በትከሻ፣ እግር በእግር።

በተወለደ በመቶኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2019፣ በለንደን፣ በኒው ዮርክና በሎስ አንጀለስ 75 ተወዛዋዦች መቶ ነጠላ ዳንሶቹን ሠሩ፤ ትርኢቱም በኢንተርኔት በቀጥታ ተላለፈ። ዳንሶቹን ያስተማሯቸው በአብዛኛው የቀድሞ ቡድኑ አባላት ነበሩ። ማሽኑ ያቆየው አሻራውን ነው፤ ዳንሱን ያወረሱት ግን በአካላቸው የያዙት ሰዎች ናቸው። ከኒንግሃም ሁለቱን ለይቶ ስላወቀ፣ ማሽኑን ሳይፈራም ሳያመልከውም ሃያ ዓመት አብሮት ሠራ።